ተራ ጠባቂው ቅጠል

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ሕንፃ ዘበኛ ጋር ተጣላሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መርካቶ ውስጥ ድሮ መጋዘናችን በነበረበት ቦታ ላይ የቆመ ባለመስታወት ፎቅ ነው፤ ምን ልሠራ እንደገባሁ ራሴም አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ አያርፍም። ከቤት እወጣለሁ፣ ታክሲ እሳፈራለሁ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምሄድ የሚያውቀው እግሬ ብቻ ነው። በሕንፃው መግቢያ ላይ በትልቅ የሸክላ ዕቃ የቆመ ለምለም ተክል አየሁና ጎንበስ ብዬ ቅርንጫፉን እያዞርኩ መመርመር ጀመርኩ።

«እማማ! ምን ፈልገው ነው?» አለኝ ዘበኛው።

«ቅጠሉን እያየሁ ነው።»

«ፕላስቲክ እኮ ነው!»

ፕላስቲክ መሆኑንማ ገና ስነካው አውቄያለሁ። ያናደደኝ ሌላ ነው። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ታች ያሉት ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ተሰክተዋል፤ ወደ መካከሉ ሲደርሱ አንድ በቀኝ አንድ በግራ ይላሉ፤ ጫፉ ላይ ሦስቱ በአንድ ቦታ ታጭቀዋል። «እንዲህ ያለ ዛፍ ፈጣሪ አልሠራም» አልኩት። «ታዲያ ለፋብሪካው ይንገሩዋ!» ብሎ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ተሳደብኩ። መንገድ ላይ ቆሜ ስቀዘቅዝ ደግሞ አፈርኩ።

ሰው ዕድሜውን በብዙ ነገር ይጨርሳል። እኔ የጨረስኩት ቅጠል በእንጨቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በማየት ነው። የጡረታ ፎርም ስሞላ ጸሐፊዋ «የሥራ መደብ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቅጠል ለይ» አልኳት። እንደዚያ የሚባል መደብ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። «ልዩ ልዩ» የሚለውን መረጠችልኝ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ልዩ ልዩ ሆኖ ቀረ።

ይህን የምጽፈው ግን በፎርሙ ተናድጄ አይደለም። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ጠላ ጠማቂ ነበሩ። በኔ ጥፋት እጃቸውን አጡ፤ ማለቴ እጃቸው አልተቆረጠም፣ እጄ ጥሩ ነው የሚለውን እምነታቸውን አጡ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ዝምታ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሥራ እያለኝ ሥራው ይሸፍነው ነበር። አሁን የሚሸፍነው ነገር ጠፋ።

ሥራ የጀመርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጋሼ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ከጭድ ተራ አለፍ ብሎ በነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቅጠላ ቅጠል ያከፋፍሉ ነበር። ሰናማኪ፣ ግራዋ፣ ጥንጁት፣ የደረቀ ዳማከሴ ሁሉም ነበረ፤ ዋናው ግን ጌሾ ነው። ጠላና ጠጅ የሚጠምቅ ሁሉ ያለ ጌሾ አይሆንለትም። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ጋሼ ሰይድ ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሙስሊም ናቸው። ጠላ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ዕድሜ ልካቸውን የሸጡት ቅጠል ጋን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት ከሰው ወሬ ብቻ ነበር።

«ዓይን አለኝ፤ ምላስ የለኝም» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «አንቺ ጠላ ቤት ነው ያደግሽው ብለውኛል። ምላስ ሁኚኝ፤ እኔ ደግሞ ዓይን እሰጥሻለሁ።»

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ተስማማሁ። ስለ ደመወዝ ይኸው በቂ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ሚዛን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል፣ ነጭ አቡጀዲ ያነጥፉና አንድ የጌሾ ቅርንጫፍ እፊቴ ያስቀምጣሉ። በአምፖል መብራት አንድም ቀን ቅጠል ሲያዩ አላየኋቸውም፤ አምፖል ሁሉንም አረንጓዴ አንድ ያደርገዋል ይላሉ። እኔ ቅጠሉን አንስቼ ማገላበጥ ስጀምር እጄን ቸብ ያደርጉታል።

«ቅጠሉን አትዪ። መቀመጫውን እዪ።»

«የቱን መቀመጫ?»

«ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበትን። ቅጠል መልኩን ይለውጣል። ጥላ ላይ ሲበቅል ይሰፋል፣ ድርቅ ሲመታው ይጠባል፣ ጆንያ ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል። መቀመጫውን ግን አይለውጥም፤ ወላሂ!»

ለጋሼ ሰይድ የዓለም ቅጠል ሁሉ ሦስት ዓይነት ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የሚወጡትን መንታ ይሏቸዋል። ዳማከሴ መንታ ነው፤ እንጨቱም ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ መንታ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ከዞረ ከላዩ ያለው ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዞራል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው እንጨቱን በአንድ ቦታ የሚከቡትን ጀመዓ ይሏቸዋል። አንድ በአንድ የሚወጡትን ደግሞ ተራ ጠባቂ። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ተማሪ ይህ በመጽሐፍ «ተፈራራቂ» እንደሚባል ነገረኝ። ጥሩ ቃል ነው። እኔ ግን መርካቶ ውስጥ ነው የተማርኩት፤ እዚህ ሁሉ ነገር ተራ ነው።

«ጌሾ ተራ ጠባቂ ነው» ይላሉ ቅርንጫፉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ቀስ አድርገው እያዞሩ። «አንዱ በዚህ ይወጣል። ሁለተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ በዚያ። ሦስተኛው ደግሞ ዞር ብሎ። አየሽ፣ ማንም በማንም ራስ ላይ አልተቀመጠም። እዚህ ሰፈር አንዱ ሸራውን ወደ ፊት ከዘረጋ ከኋላው ያለው ነጋዴ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ቅጠል እንዲህ ያለ ነውር አይሠራም፤ ፀሐይዋን ይካፈላታል።»

ከመቀመጫው ቀጥሎ ጀርባው ይታያል። የጌሾ ቅጠል ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ደብዘዝ ይላል። ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ የሚወጡት ትንንሽ ጅማቶች ቀጥ ብለው ወደ ጠርዙ አይሄዱም፤ ጠርዙ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ወደ ጫፉ ይጎብጣሉ። ጠርዙ ደቃቅ ጥርስ አለው። ጥፍሬን በጠርዙ ላይ ስጎትተው እንደ ማበጠሪያ ይከረክረኛል። ይህን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ መለየት ስችል ጋሼ ሰይድ «ማሻአላህ» ብለው ሚዛኑን ሰጡኝ።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ጠዋት ያዩትን ጆንያ የቀትር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ እንደገና ያዩታል። ከላይ ሳይሆን ከታች፣ የጆንያውን ጥግ ፈትተው። «ጠዋት የሚያየው የነጋዴ ዓይን ነው፤ ትርፍ ይታየዋል» ይሉኛል። «ከሶላት በኋላ የሚያየው የሰው ዓይን ነው።» በዚህ ምክንያት ጠዋት የገዙትን ከሰዓት ሲመልሱ ከአቅራቢዎች ጋር የማይጨቃጨቁበት ሳምንት አልነበረም። አይሰለቻቸውም።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ በቁጣ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ። ሰናማኪ ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ሌላ ነው፣ ሰናማኪ መንታ ነው፣ ይሄ ግን ተራ ጠባቂ ነው ይላል። የጋሼ ሰይድን ቃል ከራሳቸው ቤት ሰምቶ በራሳቸው ላይ ማምጣቱ አስቆኝ ነበር። ጋሼ ሰይድ አልሳቁም። ቅርንጫፉን ለኔ ሰጡኝና «ቡቃያውን ፈልጊ» አሉኝ። ፈለግሁ። ከእንጨቱና ትንንሾቹን ቅጠሎች ከያዘው ቀጭን ዘንግ መካከል፣ ልክ ብብቱ ውስጥ፣ ጤፍ የምታክል ቡቃያ አለች። በዘንጉ ላይ በተደረደሩት ጥንድ ጥንድ ትንንሾች ብብት ውስጥ ግን ምንም የለም። «ቡቃያ በብብቱ ያቀፈው እሱ ነው ቅጠሉ፤ ዘንጉ በሙሉ ማለት ነው» አሉት ለሰውዬው። «መንታ የመሰሉህ እነዚህ ቅጠሎች አይደሉም፣ የአንድ ቅጠል ጣቶች ናቸው። ሰናማኪ ራሱ ተራ ጠባቂ ነው።» ሰውዬው ጣቶቹን እያየ ሄደ። ያን ቀን ነው ሥራው ያሰከረኝ። ከዚያ ወዲያ አጥር ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም።

ምላሴም ስም አወጣ። ጌሾውን አኝኬ ምሬቱ አፍ ውስጥ ቶሎ የሚሞት ይሁን የሚቆይ እናገራለሁ፤ ጠማቂዎች «አስካለ ቀምሳዋለች?» ብለው ሳይጠይቁ አይገዙም ነበር። ጋሼ ሰይድ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ምላሴ እሷ ናት» ይላሉ። ሰው ሲያመሰግነኝ አልጠላም። እውነቱን ለመናገር በዓይኔ ከማየት ይልቅ በምላሴ መፍረድ ቀለለኝ፤ ምላስ ያስጨበጭባል፣ እንጨት እያዞሩ መቁጠር ግን ማን ያይልሻል?

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምወዳቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከልጃቸው ከትርሲት ጋር ይኖሩ ነበር። ጠላቸው የተመሰከረለት ነው። ሰው «የዘነበች እጅ» ነበር የሚለው። ያው ብቅል፣ ያው ጌሾ፣ ያው ውኃ ሌላዋ ይዛ ትጠምቃለች፤ የሳቸውን ያህል አይሆንም። እሳቸውም ያምኑበታል። «እጅ ከእግዜር ነው» ብለው መዳፋቸውን ይስማሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ትርሲት ከሳቸው እየተማረች ነበር፤ «የኔ እጅ ተዘዋውሮባታል» ይሉ ነበር በኩራት።

ጋሼ ሰይድ ዘመድ ሞቶባቸው ወደ ወሎ የሄዱ ሰሞን ነው የሆነው። መጋዘኑን ለኔ ትተውልኝ ሄዱ። የሠርግ ወቅት ነበር፤ ጌሾ ጠፍቷል፤ ጠማቂው በሩ ላይ ተሰልፏል። አንድ የማውቀው አቅራቢ አንድ ጆንያ አመጣ። ቅጠሉ አብዛኛው ከእንጨቱ ተራግፏል። «መንገድ ላይ ረገፈ፣ እትዬ አስካለ፤ መኪናው አንገላታው» አለኝ። የረገፈ ቅጠል አንገዛም ነበር። መቀመጫ የለውማ! ከላይ ዘገን አድርጌ አኘክሁ። ምሬቱ ልክ ነው፤ ይቆያል። ተሰላፊው ሁሉ አፌን ያያል።

«ጌሾ ነው» አልኩ።

የጆንያውን ጥግ አልፈታሁም። ከታች የተጠራቀመውን እንጨት አላየሁም። ከቀትር በኋላም አልተመለስኩበትም። እትዬ ዘነበች የጎረቤታቸውን ልጅ ሠርግ ጠላ እንዲጠምቁ ተነግሯቸው ነበር፤ የመጀመሪያዋ ገዢ እሳቸው ሆኑ። «አንቺ ከቀመስሽው እኔ ምን አገባኝ» ብለው አስመዘኑና ሄዱ። ለሌላው ሳልሸጥ ሌላ መኪና ከነእንጨቱ የታሰረ ጌሾ ይዞ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ባለመኪናውን እግዚአብሔር ይስጠው፤ ባይደርስ ኖሮ ስንት ሰው ከዚያ ጆንያ ይገዛ ነበር?

ሠርጉ ላይ ሰው ታመመ። ጠላውን የጠጣ ሁሉ ያስመልሰው፣ ያዞረው፣ ልቡ ይመታበት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቤት ሳምንት ተኙ። የሞተ የለም። ጋኑን አውጥተው ሰበሩት። ወሬው ሰፈሩን ለመዞር አንድ ቀን አልፈጀበትም። ግማሹ «ጋኗን አላጠነችም» ይላል፣ ግማሹ «እጇ ተበላሸ» ይላል፤ ክፉዎቹ ደግሞ መርዝ ጨመረች ለማለት አላፈሩም።

እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፌ የተረፈውን ጆንያ አቡጀዲው ላይ ገለበጥኩት። እንጨቶቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ቅጠል ቢረግፍም የተቀመጠበት ቦታ ጠባሳ ይተዋል፤ ይህን ጋሼ ሰይድ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አሳይተውኛል። የመጀመሪያው እንጨት፣ ጠባሳው አንድ በዚህ አንድ በዚያ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። አሥር ያህል ካየሁ በኋላ ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። ከዚያ አንዱን አነሳሁ። ሁለት ጠባሳ፣ ፊት ለፊት። ከላዩ ደግሞ ሁለት። ሌላም አገኘሁ፣ ሌላም። በጌሾው አጥር ውስጥ አብሮ የበቀለ ሌላ ቁጥቋጦ ነው፤ ቆራጩ ሳያውቅ አብሮ ቆርጦታል። ቅጠሉን ፈልጌ አወጣሁት። ያብረቀርቃል፣ እንደ ጌሾ ጠቁሯል፤ ጥፍሬን በጠርዙ ስጎትተው ግን ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። የቁጥቋጦውን ስም አውቀዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ ክፉ ሰውም ያነባል።

ጆንያውን ከሌሎች ጆንያዎች ሥር ደበቅሁት። ለምን ደበቅሁት? አላውቅም። እጄ ነው የደበቀው።

ጋሼ ሰይድ ከሠርጉ በኋላ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ሳልነግራቸው ጆንያውን አገኙት፤ ሰግደው መጡና ጥጉን ፈቱት። አንድ እንጨት በጣቶቻቸው መካከል አዞሩ።

«መንታ» አሉ። «ለማን ሸጥሽው?»

ነገርኳቸው። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማቸውን አጠለቁ። «ተነሽ። ሄደን እንነግራታለን። ጥፋቱ የመጋዘኑ ነው፣ የኔ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስማ።»

«ጋሼ፣ እባክዎ እኔ ልቅደም» አልኳቸው እያለቀስኩ። «ብቻዬን ልንገራቸው። ከዚያ እርስዎ ይመጣሉ።»

አመኑኝና ቁጭ አሉ። ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ግቢያቸው ውስጥ የጋኑን ስባሪ ለቅመው አጠገባቸው ቆልለውታል። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። ቀና አሉና «አስካልዬ፣ እጄ ምን ሆነብኝ?» አሉኝ።

አፌ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያ ምላስ ነው ሰው ሁሉ የሚያምነው፤ ከነገ ጀምሮ ማንም አያምነውም ብዬ አሰብኩ። «አይዞዎት፤ ያልፋል» ብዬ ወጣሁ።

ለጋሼ ሰይድ «ነገርኳቸው» አልኳቸው። «ይቅር ብለውኛል። ግን ወሬው እንዳይቀሰቀስባቸው ማንም እንዳይመጣ ብለዋል።» እሳቸው ሰውን ማስገደድ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ዋጡት። ከሸማ ተራ ወፍራም ጋቢ ገዝተው «ካሣዬ ነው በያት» ብለው ላኩኝ። እኔ «ጋሼ ሰይድ ለሐዘንዎ ብለው ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። እትዬ ዘነበች ሰው ስላዘነላቸው አለቀሱ። ያን ጊዜ ራሴን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

እትዬ ዘነበች ከዚያ ወዲህ ጋን አልነኩም። ድልድዩ ጋ ቆሎ መሸጥ ጀመሩ። ትርሲትንም ከለከሏት፤ «እጄ ተዘዋውሮባታል፣ ክፋቱም አብሮ ተዘዋውሯል» ይሉ ነበር አሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ በኩል ሳላልፍ ዙሪያውን እሄድ ነበር። ጋሼ ሰይድ ከአራት ዓመት በኋላ ታመው ሲተኙ ልጠይቃቸው ሄጄ «ያቺ ሴትዮ ጠላዋን ቀጠለች?» አሉኝ። «ቀጥለዋል» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያው ሳምንት አረፉ።

መጋዘኑ ተዘጋ። እኔ ጌሾና ቅመም ወደ ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት ገባሁ፤ ነጭ ጋውን አለበሱኝ። እዚያ ያለ ርኅራኄ ነበር የማየው። እያንዳንዱን ጆንያ ከታች ካልፈታሁ፣ ከቀትር በኋላ ደግሜ ካላየሁ አላሳልፍም። ሠራተኞቹ ከኋላዬ ያሙኛል፤ ደግ አደረጉ። ማንም ለምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አንድ መልካም ነገር ብሠራ እዚያ የሠራሁት ነው፤ ግን ያለፈውን አልጠገነልኝም።

ኋላ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው። «እትዬ አስካለ፣ ደንበኛው አሁን የሚፈልገው የተፈጨውን ነው» አለኝ። «ከአቅራቢው ተፈጭቶ ይመጣል፤ እኛ ማሸግ ብቻ ነው።»

«ዱቄት መቀመጫ የለውም» አልኩት።

«እንዴት?»

«ዱቄት ተራ ይጠብቅ፣ መንታ ይሁን በምን አያለሁ?»

«ላቦራቶሪ አለ እኮ። ሳምፕል እንልካለን።»

ላቦራቶሪው ምናልባት ከኔ ይሻል ይሆናል፤ አልጣላውም። ለኔ ግን የሚታይ ነገር አልቀረም። ዕድሜዬም ደርሶ ነበር፤ ፎርሙን ሞላሁ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው የምዞረው። ሌሊት እተኛለሁ፣ ቀን ግን መቀመጥ አልችልም። አጥር ሁሉ ጋ እቆማለሁ። የሰው በረንዳ ላይ ያለ ተክል እነካለሁ። ከዘበኛው ጋር የተጣላሁ ዕለት መንገድ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህ ሁሉ ዙረት አንድ በር ላለማንኳኳት ነው። ጭድ ተራ ሄጄ አንድ እስር ጌሾ ከነእንጨቱ ገዛሁ። ከአንድ አሮጌ አጥር ደግሞ ምንም ጉዳት የሌለው መንታ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ሁለቱን በፌስታል ይዤ ወደ ድልድዩ ወረድኩ።

እትዬ ዘነበች አርጅተዋል። ትርሲት ናት በሩን የከፈተችልኝ፤ አርባ አልፏት ፀጉሯ ሸብቷል። ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቀዋለሁ። ጆንያውን፣ ሰልፉን፣ ያልፈታሁትን ጥግ፣ ለጋሼ ሰይድ የዋሸሁትን፣ የጋቢውን ነገር፣ ሁሉንም። ቅርንጫፎቹን አወጣሁና «ይሄ ጌሾ ነው፤ አንድ በአንድ። ያ የገባው እንዲህ ነበር፤ ሁለት ሁለት። አላየሁም። እያወቅሁ አላየሁም» አልኳቸው።

ሁለቱን ቅርንጫፎች ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ነው የዳሰሷቸው፤ አንዱን ከታች እስከ ላይ፣ ከዚያ ሌላውን። ትርሲት አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«እንግዲያው እጄ አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም፣ እትዬ።»

«ጋኑንም አጥኜው ነበር። በወይራ። ለሰው ስምል ማን አምኖኝ?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ይህችን ልጅ ከለከልኳት እኮ! እጅ የነበራትን ልጅ! ቆሎ ስትቆላ ዕድሜዋ አለቀ። ውጪልኝ፣ አስካለ። ከፊቴ ውጪልኝ!»

ወጣሁ። ይቅርታ ጨርሶ እንዳልለመንኩ ትዝ ያለኝ ደጁ ላይ ነው። ተመልሼ ልግባ አልኩ፤ አልደፈርኩም። ልሂድ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ለስንት ወር አላርፍ ያለ እግር አሁን ከመሬት አልነሣ አለኝ። መኪናው ያልፋል፣ ተሸካሚው «ወግ በሉ!» ይላል፤ እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

ብዙ ቆይታ ትርሲት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እጇ ላይ የጌሾውን ቅርንጫፍ ይዛለች።

«እማዬ ይቅር አላልኳትም በያት ብላለች» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ደግሞ...» ብላ ቅርንጫፉን አየችው። በጣቶቿ መካከል ቀስ ብላ አዞረችው። «ደግሞ ቅዳሜ ልጠነስስ ነው። ጌሾውን ግን አስካለ ራሷ ትምረጥልሽ ብላኛለች።»